«ሜታቦሊዝምሽ ሞቷል» ተባልኩ፤ ከዚህ በላይ ምን ልተው?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ስሆን፣ የምኖረው ከባለቤቴ፣ ከልጆቻችንና ከአማቴ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ደርሶን ወደዚህ ከመግባታችን በፊት አራት ኪሎ ተከራይተን ስንኖር ወደ ሥራ የምሄደውም የምመለሰውም በእግሬ ነበር። አሁን ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ለሰርቪስ እወጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ እውላለሁ፤ ቤቴ የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ እየወፈርኩ መጥቼ 84 ኪሎ ደረስኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ከፋሲካ በኋላ ቆርጬ ተነሣሁ። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ በቀን ከ1,200 ካሎሪ እንዳላልፍ ስለነገረኝ፣ ቁርስና እራት ትቼ ከቤት ቋጥሬ የምወስደውን ምሳ ብቻ መብላት ጀመርኩ። ረሃቡ ሲጠናብኝ ሻይ እጠጣለሁ። እስከ ጳጉሜን ድረስ 7 ኪሎ ቀነስኩ። ከመስከረም ወዲህ ግን ሚዛኑ 77 ላይ ቆሞ ቀረ። ራሴን ያዞረኛል፤ ይበርደኛል፤ ባበጠርኩ ቁጥር ጸጉሬ እፍኝ ሙሉ ይወጣል።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ፣ መብራት ሳላበራ ወጥ ቤት ገብቼ ድስቱን ከፍቼ ቆሜ እበላለሁ። የተረፈ ፍርፍርም ይሁን የልጆቹ ዳቦ፣ ያገኘሁትን ነው። ከዚያ አልቅሼ እተኛለሁ፤ በማግሥቱ ምሳዬን እንኳ ሳልጨርስ እመልሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቡና ሲፈላና ዘመድ ቤት ማዕድ ሲቀርብ ግን እንደ ሰው እበላለሁ፤ አምስት ቀን ተርቤ ሁለት ቀን ብበላ ምን ያመጣል እላለሁ።

ጂም የሚሠራ ባልደረባዬ «ሰውነትሽ ረሃብ የገባ መስሎት ስብ ማጠራቀም ጀምሯል» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ከ35 ዓመት በኋላ ሜታቦሊዝም ይሞታል፤ ያንቺም ሞቷል» ትለኝና በቴሌግራም የምትሸጠውን የማቅጠኛ ሻይ እንድገዛት ትወተውተኛለች። አማቴ እራት አልበላም ባልኩ ቁጥር «የእኔ እጅ አስጠላሽ?» እያሉ ይከፋሉ። አሁን ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው። አጋጣሚውን ተጠቅሜ ወደ 800 ካሎሪ ልውረድ ወይስ ሁሉንም ትቼ እንደ ፊቱ ልሁን? እባክዎ ይምከሩኝ።

አንዲት እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ

እህቴ፣ ለማንም ሳትነግሪ የያዝሽውን ለእኔ ስለነገርሽኝ ከልብ አመሰግንሻለሁ። ምክሬን ከኪሎው ሳይሆን ከወጥ ቤቱ ልጀምር። ሌሊት በጨለማ ቆመሽ የምትበይው ሆዳም ስለሆንሽ ወይም ቁርጠኝነት ስላነሰሽ አይደለም። ከንጋት ጀምሮ በአንድ ምሳና በሻይ የዋለች፣ በመንገድ የደከመች፣ ለቤተሰቡ እራት አቅርባ ሳትቀምስ የተነሣች ሴት ሌሊት ቢርባት የሚደንቅ ነገር የለውም፤ የሚደንቀው ባይርባት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነገር ራስሽን መውቀስ እንድትተዪ እለምንሻለሁ። ከዚህ በታች የምመክርሽ ሁሉ የሚሠራው ይህን ከተቀበልሽ ነው።

ደግሞም የሠራሽውን ሥራ አሳንሰሽ አትዪው። ከ84 ኪሎ ላይ 7 ኪሎ መቀነስ 8 በመቶ ገደማ ነው። ሐኪሞች ክብደቱ ከልክ ላለፈ ሰው በመጀመሪያ የሚያስቀምጡለት ግብ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ነው፤ የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል የሚጀምሩት በዚህ መጠን ስለሆነ። ከመስከረም ወዲህ አለመቀነስሽ አሳዝኖሻል፤ ነገር ግን አልጨመርሽም፤ የቀነሱትን ጠብቆ ማቆየት ደግሞ ብዙ ሰው የሚያቅተው ክፍል ነው።

ወደ ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ኃይል ወደሚጠቀምበት ሂደት፣ እንምጣ። ሰውነታችን በቀን ከሚያወጣው ኃይል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚሄደው ተኝተን እንኳ ለማይቋረጥ ሥራ ነው፤ ልብ ለመምታት፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ለመሥራት፣ የሰውነት ሙቀት ለመጠበቅ ማለት ነው። 10 በመቶ ገደማ የበላነውን ለመፍጨትና ለማዋሃድ ይውላል። የቀረው እንቅስቃሴ ነው፤ መራመዱም፣ ልብስ ማጠቡም፣ ደረጃ መውጣቱም፣ ሳናስበው የምንቁነጠነጠውም ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሞተ ሜታቦሊዝም የለም። የ35 ዓመቱም ነገር እውነት አይደለም። በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመና ከጨቅላ ሕፃናት እስከ 95 ዓመት አዛውንት ከ6,400 የሚበልጡ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ የኃይል ፍጆታችን ከሰውነት መጠናችን ጋር ተነጻጽሮ ሲታይ ከ20 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ድረስ እንዳለ እንደሚቆይና መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ያውም በዓመት ከ1 በመቶ ባነሰ መጠን እንደሆነ አሳይቷል። አንቺ ገና 38 ዓመትሽ ነው።

ባልደረባሽ ግን ከነገረሽ ውስጥ ግማሹን ልክ ነው። ገቢ ሲያንስ ሰውነት ወጪውን ይቀንሳል፤ ደሞዙ የተቆረጠበት ቤተሰብ ቀድሞ የማያስተውላቸውን ወጪዎች አንድ በአንድ እንደሚተው ማለት ነው። ያልሆነው፣ እየተራበ ስብ ያጠራቅማል የሚለው ነው። ይህን ከሁሉ በግልጽ ያሳየው አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1944 መጨረሻ የጀመረው ጥናት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በረሃብ የተጎዱ ሰዎችን እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በቀን በአማካይ 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየበሉ ቆዩ። የዕረፍት ጊዜ የኃይል ፍጆታቸው 40 በመቶ ያህል ወረደ፤ ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የመጣው ሰውነታቸው ራሱ ስላነሰ ነው። ክብደታቸውም ሩብ ያህል ቀነሰ፤ ስብ ያጠራቀመ ግን አልነበረም።

ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈውን የማነሣልሽ ግን ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። ይበርዳቸው ነበር፤ ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር፤ ጸጉራቸው ይነቀል ነበር። ቀንና ሌሊት ከምግብ በቀር የሚያስቡት አልነበራቸውም፤ ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት እስከ መሰብሰብ ደረሱ። ከመካከላቸው ተደብቀው በልተው በጸጸት የተሰቃዩም ነበሩ። ደብዳቤሽን ስጨርስ የታወሱኝ እነርሱ ናቸው። ኃይል ሲጎድል ሌፕቲን የተባለው የጥጋብ መልእክት የሚያደርሰው ሆርሞን ይወርዳል፤ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል። ሌሊት ወደ ድስቱ የሚወስድሽ ከእነዚህ የሚነሣ ረሃብ ነው፤ በምክርና በቁጣ አይመለስም፤ የሚመለሰው በቀን በመብላት ነው።

አሁን የሒሳብ ሰው ነሽና ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የዕረፍት ጊዜ የኃይል ፍጆታን ለመገመት ባለሙያዎች አዘውትረው በሚጠቀሙበት በ1990 በወጣው የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር መሠረት፣ 84 ኪሎ ሳለሽ ፍጆታሽ በቀን 1,490 ካሎሪ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በ77 ኪሎ 1,420 ገደማ ነው። ልዩነቱ 70 ካሎሪ፣ ማለትም ከአራት የሻይ ማንኪያ ስኳር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ሰውነት ከዚህ በላይ ጥቂት ይቆጥብ ይሆናል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ የቴሌቪዥን የማቅጠኛ ውድድር እጅግ ብዙ ክብደት በጥድፊያ የቀነሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረምር፣ በሰውነታቸው መጠን ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሲያቃጥሉ አግኝቷቸዋል። እንደ አንቺ በልክ የቀነሰ ሰው ላይ የሚታየው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል ሰው የሚታሰበውን እንቅስቃሴ ብንጨምርበት፣ ዛሬ የቀን ወጪሽ ከ1,700 እስከ 1,850 ካሎሪ ባለው መካከል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ገቢውንስ? ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳሽን 800 ካሎሪ እንበለው። «ሻይ እጠጣለሁ» ብለሻል፤ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢገባና በቀን አራት ብርጭቆ ቢጠጣ 190 ካሎሪ ነው። ስለዚህ በቀን 1,000፣ በአምስት ቀን 5,000። የሌሊቱ ፍርፍርና ዳቦ በአንዱ ሌሊት 600 ቢሆን ሦስቱ ሌሊት 1,800 ነው። ቅዳሜና እሑድ ከነቡናው ቁርሱ፣ ከነክትፎው፣ ከነጉርሻው በቀን 2,700 ቢደርስ 5,400 ይሆናል። ድምሩ 12,200፣ ለሰባት ሲካፈል በቀን 1,740 ገደማ። ገቢና ወጪሽ እኩል ናቸው። ሚዛኑ 77 ላይ የቆመው ለዚህ ነው እንጂ ሰውነትሽ ተበላሽቶ አይደለም። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ የራስሽን ይዘሽ ብትሠሪው ግን ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ለአምስት ቀን የተራብሽበትን ሁሉ ሁለቱ ቀንና ሦስቱ ሌሊት መልሰው ወስደውታል፤ የተረፈሽ ድካሙና ጸጸቱ ብቻ ነው።

አፑን አምነሽ ተሳስተሻል ማለቴ አይደለም። በ1992 በታተመ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት ላይ «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም» ያሉ 10 ሰዎች ሲመረመሩ ሜታቦሊዝማቸው ጤናማ ሆኖ ተገኘ፤ የሚበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ ያህል አሳንሰው ነበር የሚመዘግቡት። ሆን ብሎ መዋሸት ነው ለማለት አልደፍርም። ከድስት በእጅ የተነሣን፣ ከልጅ ሳህን የተረፈን፣ ወጡ ውስጥ የገባን ዘይት በትክክል የሚመዘግብ ሰው አላየሁም።

ከምግቡ ሌላ የተለወጠ ነገርም አለ፤ አንቺው ጽፈሽዋል፣ ግን አልፈሽው ሄድሽ። አራት ኪሎ ሳለሽ ወደ ሥራ የምትሄጂው በእግርሽ ነበር። መንገዱ ደርሶ መልስ ስንት ይሆን ነበር? አራት ኪሎ ሜትር ብንለው፣ በአንቺ ክብደት አንድ ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 50 ካሎሪ ስለሚወስድ በቀን እስከ 200 ካሎሪ ይደርስ ነበር። ከከተማው ዳር ስንኖር ሰርቪሱ የሚወስድብን ጊዜን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ነው። በዚህ ላይ የተራበ ሰው ሳያውቀው እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ ማታ ሶፋው ላይ ቁጭ ካልሽ በኋላ መነሣት የሚከብድሽ ከሆነ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። 800 ካሎሪ አይሆንም። ያለ ሐኪም ክትትል ወደዚያ መውረድ ጡንቻሽን የሚበላ፣ ማዞሩን የሚያብስ፣ የሌሊቱንም ረሃብ እጥፍ የሚያደርግ ነው። ሁሉንም ትቶ እንደ ፊቱ መሆንም አያስፈልግሽም። በእኔ አስተያየት የጎዳሽ ጉድለቱ መኖሩ ሳይሆን ከምትችዪው በላይ መብዛቱ ነው።

አስቀድመሽ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ማዞርና ብርድ ብርድ ማለት የደም ማነስም የታይሮይድ ዕጢ መድከምም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ጸጉር በጥድፊያ ክብደት ከተቀነሰ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ መነቀሉ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አመጋገብ ሲስተካከል ይመለሳል፤ ሆኖም ሌላ ምክንያት አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ስለዚህ የደም ማነስን የሚያሳየውን የሄሞግሎቢን፣ ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድና የደም ስኳር ምርመራ እንዲያደርጉልሽ፣ የደም ግፊትሽንም እንዲለኩሽ ጠይቂ፤ እዚያ የሌለውን ሪፈር ይጽፉልሻል። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፦ የወር አበባሽ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል? የሦስት ወሩን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ትወስጃለሽ? መርፌው በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር ይታወቃል። የምትወስጂ ከሆነ በራስሽ አታቋርጪ፤ ሌላ አማራጭ ካለ ግን ከነርሷ ጋር ተነጋገሪ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ክብደት ለመቀነስ አትሞክሪ። ይህ እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። ዓላማው ሰባቱንም ቀን ተመጣጣኝ አድርገሽ፣ ቁርስ ምሳ እራት በልተሽ፣ የሌሊቱ ረሃብ እንዲበርድ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ያህል ቢጨምር አትደንግጪ፤ በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው የኃይል ስንቅ ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ የሚጨምረው በአብዛኛው ውኃ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛልና፣ ይህን በሰባት ቀን ለመጨመር በየቀኑ ከሚያስፈልግሽ 1,100 ካሎሪ አብልጠሽ መብላት ይኖርብሽ ነበር።

ከሁለቱ ሳምንት በኋላ ከቀን ወጪሽ 300 ካሎሪ ያህል ብቻ ቀንሺ፤ ግማሹ ከምግብ፣ ግማሹ ከእንቅስቃሴ ቢመጣ ደግ ነው። በወር አንድ ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ያዘግማል፤ ነገር ግን ከመስከረም ወዲህ በዚያ ሁሉ መራብ የቀነስሽው ምንም እንደሆነ አስቢ።

ከምግቡ ከየት እንደሚቀነስ ሳስብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እንጀራው ላይ ሳይሆን ጀሪካኑ ላይ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ነው። አምስት ሊትር ዘይት 41,000 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ቤታችሁ አምስት ሰው ነው፤ አንዱ ጀሪካን በወር የሚያልቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 275 ካሎሪ ይደርሰዋል፤ ልጆቹ ጥቂት ስለሚበሉ የአዋቂዎቹ ድርሻ ከዚህም ያልፋል። ለቁሌቱ ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ከማፍሰስ በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ ብትጨምሩ፣ ሽንኩርቱን በመጀመሪያ በጥቂት ውኃ ብታበስሉትና ጀሪካኑ ለወር ከግማሽ ብታደርሱት፣ ማንም ሳይራብ አንቺ ከምግብ ከምትቀንሺው 150 ካሎሪ አብዛኛው ተገኘ ማለት ነው። በሻዩም ላይ ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ ውረጂ። እንጀራውን አትተዪ፤ በሳህንሽ ላይ ግማሽ እንጀራ አድርጊና ከጎኑ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን አብዢው።

ፕሮቲን በየገበታው እንዲኖር የምወተውትሽ ያጠግባል ብዬ ብቻ አይደለም። ክብደት ስንቀንስ ከስብ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ ጡንቻውን የሚያቆየው በቂ ፕሮቲንና ጡንቻን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨትም ከራሱ ከፕሮቲኑ ኃይል ከ20 እስከ 30 በመቶ ያወጣል፤ ለስብ የሚያወጣው ግን ከ3 በመቶ አይበልጥም። በፍስክ ቀን ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከቁራሽ ዳቦ ጋር፣ በጾም ቀን ፉል ወይም የተቀቀለ ሽምብራ፤ ሰርቪስ ውስጥም ቢሆን ይበላል።

ለእንቅስቃሴው ጂም መመዝገብ አይጠበቅብሽም። ሰርቪሱ ከሚያወርድሽ ቦታ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ወርደሽ ብትሄጂ፣ ወይም በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛው ተነሥተሽ 20 ደቂቃ ብትራመጂ ይበቃል። ማዞሩ ከቀረልሽና ሐኪሙ ካልከለከለሽ አራቱን ፎቅ በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ውጪና ውረጂ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ውኃ የሞሉ ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይዘሽ ከወንበር እየተነሣሽ መቀመጥን ተለማመጂ። ማታ ጨለማ ስለሆነና ሰፈሩም እንደ ከተማው መሃል ስላልሆነ ከቤት ርቀሽ ለብቻሽ እንድትወጪ አልመክርሽም።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰሽ ምንም ሳትቀምሺ ውጪ። በወር አበባ ሰሞን ውኃ ስለሚጠራቀም ንጽጽሩን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አድርጊው። የወገብሽንም ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተሽ ጻፊ፤ ሚዛኑ ቆሞ ወገብ የሚቀንስበት ጊዜ አለ።

ስለ ጾሙ። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ለጾም ያለሽን ክብር አከብራለሁ። ግን ጾሙንና ኪሎ መቀነሱን አታዳቅዪያቸው። ሁለቱ ሲዳበሉ የሚመጣው እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ውሎ፣ ማታ በዘይት የራሰ ምግብ መብላት፣ በዓሉ ሲገባ ደግሞ የጎደለውን ሁሉ በአንድ ቀን መመለስ ነው። ራስሽን እያዞረሽ ሰዓት ማቆየት ስለመቻልሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ያለሽበትን ሁኔታ፣ የሐኪሙንም ቃል ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የጾም ምግቡ ራሱ፣ ምስሩም ባቄላውም ሽምብራውም ጎመኑም፣ ዘይቱ ከተለካ ለአንቺ እጅግ የሚስማማ ነው።

የጎረቤትሽን ሻይ አትግዢ። ብዙዎቹ የማቅጠኛ ሻዮች ሥራቸው ማስቀመጥ ነው፤ የሚቀንሱት ውኃና የአንጀት ይዘት እንጂ ስብ አይደለም፤ ለምታዞር ሴት ደግሞ ውኃና ጨው ማጣት አደጋ ነው። ወዳጅነታችሁን ላለማበላሸት «ሐኪም ምርመራ አዞልኝ ሌላ ነገር እንዳልወስድ ተነግሮኛል» በያት፤ ጤና ጣቢያ ከሄድሽ ይህ እውነት ይሆናል።

አማትሽን በተመለከተ፣ ያስኮረፋቸው ከምግቡ ይልቅ ከገበታው መለየትሽ ይመስለኛል። ከእንግዲህ እራት ትበያለሽ፤ ስለዚህ አብረሽ ተቀመጪ፤ ለብቻሽ በሳህን አውጥተሽ ብዪ። ጉርሻ ሲመጣ አንዱን ተቀበዪ። አንድ ቅዳሜ ቡና እያፈላችሁ የሚያዞርሽን፣ የጸጉርሽንም ነገር ንገሪያቸው፤ «እማዬ፣ እጅዎ አስጠልቶኝ አይደለም፤ አሞኛል፤ ዘይቱን እየለኩ ቢሠሩልኝ ከእርስዎ እጅ እየበላሁ እድናለሁ» ብትያቸው ከልጅ ልጆቻቸው እናት የሚቀየሙ አይመስለኝም። ባለቤትሽስ ስለ ሌሊቱ ያውቃል? ደብዳቤሽ ስለ እርሱ ዝም ብሏል። ከቻልሽ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ለእርሱ መንገር የሚቀል ከሆነ ለእርሱ፣ ካልሆነ ለምታምኛት እህት ወይም ጓደኛ።

በቀን ሦስት ጊዜ መብላት ከጀመርሽ በኋላ ረሃቡ በሳምንታት ውስጥ እየበረደ መምጣት አለበት። አንድ ወር ያህል በአግባቡ በልተሽም ሌሊት ተነሥቶ በድብቅ መብላቱና ማልቀሱ ካልቀረልሽ፣ ነገሩ ከረሃብ ያለፈ፣ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ችግር ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያው ወደ ሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲልክሽ ጠይቂ። ያን ጊዜ ክብደት የመቀነሱን ነገር ለጊዜው ትተሽ ሕክምናውን አስቀድሚ። የምርመራውን ውጤትና የወሩን አራት የሚዛን ቁጥሮች ጽፈሽ ብትልኪልኝ፣ የቀን ወጪሽን ከግምት ሳይሆን ከራስሽ ቁጥር ተነሥተን እንደገና እናሰላዋለን።